ባለ ጎማው የዶሮ ቤትና የጎረቤቴ ልጅ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚሁ አዳማ፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ የሆነ ነው። የምጽፈው ንስሐ ልገባ ብዬ አይደለም፤ ለንስሐማ የነፍስ አባት አሉኝ። ሆዴ ውስጥ ከርሞ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ስሜ የሺ ነው። ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ጠባዬን ከጠየቃችሁኝ አልደብቅም፣ ቂመኛ ነኝ። የበደለኝን ሰው፣ የበደለኝን ቀንና ሰዓት ቀርቶ ያን ቀን የለበሰውን ልብስ አስታውሳለሁ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲባል ስለ እኔ የሚወራ ይመስለኛል።

የልጆቼ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ጓሮ የዶሮ ቤት ሠራልኝ። ጣውላውን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ፣ የጎበጠውን ሚስማር በድንጋይ አቃንቶ፣ በራሱ እጅ ነው የሠራው። በዓመቱ አረፈ። ልጆቼም አንዱ ሀዋሳ፣ አንዷ አዲስ አበባ ትዳር ይዘው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ዶሮዎቹ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ነበሩ። ጠዋት እህል ስበትንላቸው እየተጋፉ ሲመጡ ግቢው ሰው ያለበት ይመስለኛል።

አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። በዕድሜ እኩያ ነን፣ ዕድራችንም አንድ ነው። ባሏ ትቷት ከሄደ ወዲህ አንድ ልጇን ሀናን ይዛ ብቻዋን ትኖራለች። የመኝታ ቤቷ መስኮት በእኔ ጓሮ በኩል ነው የሚከፈተው። «የሺ፣ ያንቺ ዶሮ በሽታው ገደለኝ» ትለኛለች፣ «ሽታው» ማለቷ ነው፤ ስትናደድ ምላሷ ይቀድማታል። እኔም «መስኮትሽን ዝጊዋ!» እላታለሁ። በአዳማ ሙቀት መስኮት ዝጊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። አዎ፣ እኔም ጥሩ ጎረቤት አልነበርኩም።

ግንቦት ላይ ሦስት ደንብ አስከባሪዎች ወረቀት ይዘው መጡ። «ያለ ፈቃድ የተሠራ ቋሚ ግንባታ ስለሆነ በአምስት ቀን ውስጥ ይፍረስ» ይላል።

«ማነው ያመለከተው?» አልኳቸው።

አንዱ ወረቀቱን ገልብጦ አሳየኝ። የጥሩወርቅ ፊርማ ነው። የዕድር መዝገብ ላይ ስንት ዓመት ያየሁትን ያንን ጠመዝማዛ ፊርማ መቼም አልስተውም። ደሜ ፈላ። ምን ነበር ሽማግሌ ብትልክብኝ? ምን ነበር ለዕድሩ ዳኛ ብትነግርብኝ? አሥራ ስምንት ዓመት ጉርብትና በአንድ ወረቀት!

እኔ አላፈርስም አልኩ። በስድስተኛው ቀን እነሱ መጥተው አፈረሱት። ያ ሁሉ ጣውላ በአንድ ጠዋት ተነቃቅሎ ተከመረ። ጥሩወርቅ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ እጇን አጣጥፋ ታያለች። ያ ቀሚስ እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ዶሮዎቹን የማስገባበት አጣሁና ዕቃ ቤት አጎርኳቸው። ዕቃ ቤቱ ከላይም ከጎንም ቆርቆሮ ነው፣ መስኮት የለውም። ግንቦት ነው፣ አዳማ ነው። ሁለት ቀን አልፈጀም፤ አሥራ አንዱ አለቁ። ከሰዓት በኋላ በሩን ስከፍት አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ዘርግተው ተዘርረው አገኘኋቸው። እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። ለዶሮ ታለቅሳለች የሚል ካለ ይበል።

ያን ቀን የደረሰችልኝ ማን ናት? ሀና። የጥሩወርቅ ልጅ። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ለምሳ ወጥታ ለቅሶዬን ስትሰማ እየሮጠች መጣች። ጆንያ በውሃ ነክራ በሩ ላይ ሰቀለች። ከፋርማሲዋ ዱቄት መድኃኒት አምጥታ «እትዬ የሺ፣ ይህን በውሃው ይበጥብጡላቸው» አለችኝ። የተረፉትን አንድ በአንድ እያነሳች ምንቃራቸውን ውሃ ውስጥ ነከረችላቸው። እናቷ በአጥሩ በኩል «ሀና! ነይ ውጪ ከዚያ!» ብላ ጮኸች። «መጣሁ እማዬ» አለችና ሃያ አንዱም ውሃ እስኪጠጡ አልተነሳችም።

አሥራ አንዱን ፓፓያው ሥር ቀበርኳቸው። አፈሩን እየመለስኩ ማልኩ። ቆይ ብቻ ጥሩወርቅ! ብድር በምድር ነው!

ሰው ሲናደድ ማሰብ ያቅተዋል ይባላል፤ እኔ ስናደድ ነው የማስበው። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። «ቋሚ ግንባታ» ነው የሚለው። ተነስቼ ቢሯቸው ሄድኩና «ቋሚ ካልሆነስ? የሚንቀሳቀስ ከሆነስ?» አልኳቸው። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዕቃ ነው እናቴ፣ እኛን አይመለከተንም» አለችኝ። ልስማት ነበር።

ከዚያ የሚንቀሳቀስ የዶሮ ቤት ፍለጋ ገባሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። የእንጨት ሣጥን የመሰለ፣ በአራት ማዕዘን እጀታ ያለው አሳየኝ። ሁለት ሰው እንደ ቃሬዛ ተሸክሞት ይሄዳል። ሁለተኛውን ሰው ከየት ላምጣ? ደግሞ የኛ ሰፈር ምስጥ እንኳን ሣጥን የቤት ምሰሶ አይምርም። ሌላው ደግሞ እንደ ድንኳን ሾጠጥ ያለ፣ ወለል የሌለው፣ በገመድ የሚጎተት ነው። ዶሮዋ ሣር ላይ እየጫረች ትውላለች፤ ግን ሸለምጥማጥ በሥሩ ቆፍሮ ይገባል። ስንት ዶሮ ልቅበር!

በመጨረሻ ከማል ዘንድ ሄድኩ። ከማል ብየዳ ቤት ያለው፣ በሥራው የማይቀልድ ሰው ነው።

«ማዘር፣ የዶሮ ቤት የሚመረጠው ለዶሮዋ ተብሎ ነው» አለኝ። «አዳማ ላይ ጠላትዎ ሙቀት ነው። ዙሪያውን ላሜራ ላልብሰው ካልን ዶሮዎቹን በቁማቸው ጠበስናቸው ማለት ነው። አራቱንም ጎን የወንፊት ሽቦ እናድርገው፣ ነፋስ ይግባ። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ስንዝር ክፍተት ትተን ኮምፔርሳቶ። ወለሉም ሽቦ ይሁን። ኩሱ መሬት ላይ ይወርዳል፤ እርስዎ በየቀኑ ጥቂት ገፋ ያደርጉታል። እንደዚያ ካደረጉ ሽታ የሚባል ነገር የለም። ጎረቤትም አያኮርፍም።»

«ባይገፋስ? አንድ ቦታ ቢቆምስ?» አልኩት።

ሥራውን ትቶ አየኝ። «ያማ ያው ነው ማዘር፣ ይሸታል።»

«ጥሩ» አልኩት። «ጎማው ምን ዓይነት ይሁን?»

የብስክሌት ቸርኬ አሳየኝ፤ አፈራችን እንደ ዱቄት ስለሆነ ይሰምጣል። ትንንሽ የብረት ጎማ አሳየኝ፤ ያም ያው ነው። በስተመጨረሻ ሁለት ያረጁ የባጃጅ ጎማዎች አምጥቶ ከቱቦላሬው ብረት ጋር አስማማቸው፤ በአንድ በኩል የሚገፋበት እጀታ በየደለት። ሲያልቅ እዚያው ብየዳ ቤቱ በር ላይ ወዲያና ወዲህ እየገፋሁ ሞከርኩት። ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ። ከማል ስለ ነፋስና ስለ ጥላ ሲያስረዳኝ እኔ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከግቢዬ በር እስከ ጥሩወርቅ መስኮት ስንት እርምጃ ነው?

አሥራ አራት እርምጃ ነው። ለካሁት።

ፓፓያው ላይ ፌስታል አሰርኩ። ፌስታሉ ወደ ጥሩወርቅ ሲነፋ የዶሮ ቤቱን ገፍቼ መስኮቷ ሥር አቆመዋለሁ። ነፋሱ ሲዞር እኔም ጥላ ሥር እመልሰዋለሁ፤ ለዶሮዎቹ ብዬ። እንግዳ ስትጠራ ሰምቼ እንደሆነማ ነፋስም አልጠብቅም። መስኮቷ ጓ ብሎ ሲዘጋ፣ እሷ እያራገበች ወደ ደጅ ስትወጣ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አንድ ቀን ደንብ አስከባሪዎቹን ድጋሚ ይዛቸው መጣች። ጎንበስ ብለው ጎማዎቹን አዩ። አንደኛው «እናት፣ ይሄ ጎማ አለው፤ ለትራፊክ ፖሊስ ቢያመለክቱ ይሻላል» አላት። ቤቴ ገብቼ በሳቅ ወደቅሁ። እንደዚያ የሳቅሁት የልጆቼ አባት ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ተስተካክለን ነበር። ግን ቂም እኮ በቃኝ አይልም።

ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ አንድ ሽማግሌ በሩን አንኳኩ። ንጹሕ ኮት የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው ናቸው።

«አካም ቡልተኒ፣ እህቴ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሉኝ።

«ነጋ፣ ደህና» አልኩ። «ይግቡ።»

ዲሪባ እንደሚባሉ፣ ከሞጆ እንደመጡ ነገሩኝ። በመንገድ ሲያልፉ በበሩ በኩል ባለ ጎማውን የዶሮ ቤት አይተው ወደዱት፤ ለባለቤታቸው እንደሱ ያለ ሊያሠሩላት ይፈልጋሉ። ደስ አለኝ። የሠራሁትን ሰው ሲያደንቅልኝ መቼ ነው? ከፍቼ አሳየኋቸው፣ ገፍቼ አሳየኋቸው፣ ከማልንም ነገርኳቸው። ጎንበስ እያሉ ሽቦውን፣ ጎማውን አዩ፤ እጀታውን ይዘው ራሳቸው ገፉት።

«ጎረቤት ግን ሽታውን አይጠላም?» አሉኝ።

በቃ፣ ግድቡ ፈረሰ። ስለ ማመልከቻው፣ ስለ ፈረሰው ቤት፣ ስለ አሥራ አንዱ ዶሮ ዘረገፍኩላቸው። ነገረኛ ናት አልኩ። ምቀኛ ናት አልኩ። ባሏ እንኳ ጥሏት የሄደው ወዶ አይደለም አልኩ። ሰውዬው እጀታውን እንደያዙ ያዳምጣሉ።

«ልጆች አሏት?» አሉኝ።

«አንዲት ሴት አለቻት።»

«ትልቅ ናት? ሥራ አላት?»

እንዴ! የዶሮ ቤት ሊያሠራ የመጣ ሰው የጎረቤት ሴት ልጅ ሥራ ምን ያደርግለታል? ወዲያው ገባኝ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቷን ቤት አጣርቶ የሚመለስ ሰው ይላካል። ያ ሰው መጣሁ አይልም። ቤት የሚከራይ መስሎ፣ ላም የሚገዛ መስሎ ይመጣና ጎረቤት ያናግራል። እኔም በዕድሜዬ ስለ ሦስት ልጃገረዶች እንደዚህ ተጠይቄ አውቃለሁ። ሦስቱንም አመስግኜ፣ ሦስቱም ተድረው ወልደዋል።

ሀናን ሊያጩ ነው! ጥሩወርቅ ልጇን ልትድር፣ ድንኳን ልትጥል፣ እልል ልትል ነው! የእኔ አሥራ አንድ ዶሮዎች ፓፓያ ሥር ተቀብረው እሷ ልትዘፍን ነው!

«ልጅቷስ እንዴት ናት?» አሉ አቶ ዲሪባ፣ ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ አድርገው።

ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። «ወርቅ ናት» ማለት ነበረብኝ። እውነቱም እሱ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አረንጓዴው ቀሚስ ድቅን አለብኝ። መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ። ከዶሮ ቤቱ ሽቦ ላይ ላባ እየለቀምኩ፣ ቀስ ብዬ «እሷንስ እግዚአብሔር ይወቃት» አልኩ። «በሰው ልጅ ላይ አፌን አላነሳም።»

በቃ ይኸው ነው። አንድም ክፉ ቃል አልወጣኝም። ነገር ግን በእኛ አገር ስለ ልጃገረድ ተጠይቆ እንደዚያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ያውቃል። አቶ ዲሪባም አወቁ። ባርኔጣቸውን አነሱ፣ አመሰገኑኝ፣ ወጡ። እኔም የዶሮ ቤቱን ወደ መስኮቱ ገፋሁት። ልቤ እንዴት ደልቶት እንደነበር ብነግራችሁ ትጠሉኛላችሁ።

ከሳምንታት በኋላ ዕድር ላይ ወሬው ደረሰኝ። ሀናና ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራ አንድ ትራንዚተር ለሁለት ዓመት ይዋደዱ ነበር አሉ። ከጾሙ በፊት ሽማግሌ ሊልክ፣ ጥር ላይ ሊያገቡ ተነጋግረው ነበር። ልጁ አባት የለውም፤ ያሳደገው አጎቱ ነው። አጎቱ «ይህ ቤት ይቅርብህ» አሉት፤ ልጁም አጎቱን አልፎ ሽማግሌ አይልክም። አንዷ «የልጅቷ ነገር አልጣማቸውም መሰለኝ፤ መቼም ያለ ነገር አይደለም» አለች። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ንፍሮዬን ወደ ሳህኑ መለስኩት።

ሀና ከሳች። ወደ ሥራ ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና ነው። ሰፈሩ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ጊዜ ከጀመረ አርግዛለች ብሎ ወር እስከመቁጠር ይደርሳል። ከዚህ በፊት በየሳምንቱ ዶሮዎቼን ልታይ ብቅ ትል ነበር፤ ቀረች። እኔም «ለእናቷ ብዬ እኮ ነው፣ እሷን ማን ነካት» እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። የዶሮ ቤቱን መስኮቱ ሥር ማቆሙን ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ለራሴም አልነገርኩትም።

ጥር ገብቶ፣ የሰርጉ መኪና ሁሉ በየመንገዱ ጥሩምባ ሲነፋ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ጥሩወርቅ በሬን ገፍታ ገባች። ከተጣላን ወዲህ ብቻዋን ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ልትጣላ የመጣች መስሎኝ የዶሮ ቤቱን እጀታ ይዤ ቆምኩ። ድንጋዩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅስ ጀመር።

«የሺ፣ ልጄን ገደሏት» አለች።

«ማን?»

«ምኑን አውቄ! አንድ ጨካኝ ስለ ልጄ ክፉ ተናግሯል። አጎትየው ሊያጣራ መጥቶ ነበር አሉ። ማንን እንደጠየቀ ባውቅ!»

እጀታውን ለቀቅሁ።

«ዶሮዎችሽ ያለቁ ቀን እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች ቀጥላ። «አፈር ልብላ፣ ያን ፊርማ የፈረምኩ እጄ ይድረቅ። ይቅር በይኝ። አየሽ የሺ፣ ምናለ አንቺን ጠይቀውሽ ቢሆን! እኔን ብትጠይኝም ስለ ልጄ እውነቱን ትመሰክሪ ነበር። እኔ አውቅሻለሁ፤ በልጅ ነገር አንጀትሽ አይጨክንም።»

ሰው በቁሙ ይሞታል ሲባል ሰምታችኋል? እኔ ያን ቀን ሞቻለሁ። የፈለግሁት ሁሉ ተፈጽሟል። ጥሩወርቅ ደጄ መጥታ አልቅሳለች፣ ይቅርታ ጠይቃለች፣ አንገቷን ደፍታለች። ከዚህ በላይ በቀል የት አለ? አንዱም ግን አልጣመኝም። «ተይ አታልቅሺ» ብዬ ውሃ አመጣሁላት።

በማግስቱ በጠዋት ከማል ዘንድ ሄድኩ። አቶ ዲሪባ እውነትም የዶሮ ቤት አሠርተው ኖሮ ከማል ራሱ በአይሱዙ አድርሶላቸዋል። ቤታቸውን ነገረኝ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጆ ወረድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ልክ እንደ እኔው ባለ ጎማ የዶሮ ቤት ቆሟል፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ለዶሮዎቹ ውሃ ይቀዳሉ። ሲያዩኝ ደንገጥ አሉ።

አልተቀመጥኩም። እንደቆምኩ ነገርኳቸው። «አቶ ዲሪባ፣ ያን ቀን በድያለሁ። ልጅቷ ወርቅ ናት። ዶሮዎቼ ሲሞቱ እናቷን እምቢ ብላ የደረሰችልኝ እሷ ናት። እንደዚያ ያልኩት እናቷን ልጎዳ ብዬ ነው። በማርያም፣ ለልጁ ይንገሩልኝ።»

የሚቀዱበትን ዕቃ አስቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «እህቴ፣ ያን ቀን ስለ እናቲቱ የተናገሩትን አንዱንም አላመንኩም። ጎረቤት ይጣላል፣ የተጣላ ሰው ይሳደባል። ያመንኩት ስለ ልጅቷ ሲጠየቁ ዝም ማለትዎን ነው። ያን ያህል የተናደደ ሰው የሚደብቀው ነገር ከባድ መሆን አለበት አልኩ።»

«ውሸት ነበር» አልኩ።

«ረፍዷል» አሉ። «ልጁ በእልህ ሻሸመኔ ሌላ ልጅ አጭቶ ባለፈው ሳምንት ቀለበት አስሯል። ያችስ ልጅ ምን በደለችና ቀለበቱ ይፍረስባት?» ወንበር አመጡልኝ፣ ሻይ ይጠጡ አሉኝ። እምቢ ብዬ ወጣሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያለው ሰው ያውቃል።

ከዚያ ቀጥታ ሀና የምትሠራበት ፋርማሲ ሄድኩ። ቤት ከደረስኩ ድፍረቴ እንደሚከዳኝ አውቃለሁ። ሰው አልነበረም። ባንኮኒውን ተደግፌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስትሰማኝ የመድኃኒት ካርቶን እየደረደረች ነበር፤ መደርደሩን አላቆመችም።

ስጨርስ «ቃል በቃል ምን ብለው ነው የነገሯቸው?» አለችኝ።

«‹እሷንስ እግዚአብሔር ይወቃት፣ በሰው ልጅ ላይ አፌን አላነሳም› ነው ያልኩት።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

«ለዚህ ነው?» አለች። ደጋግማ «ለዚህ ነው?» አለች። ከዚያ ካርቶኑን አስቀምጣ አየችኝ። እንባ እጠብቅ ነበር፤ እንባ የላትም።

«ለእናትሽ አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ» አልኳት።

«እንዳይነግሯት!» አለች፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። «እማዬ ወር ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ትናንት ከእርስዎ ጋር ታርቃ መጥታ በላች። ከእርስዎ ሌላ ሰው የላትም። እኔ ይቅር አልልዎትም እትዬ የሺ፤ እውነቱን ልንገርዎት። እሷን ግን ብቻዋን አይተዉብኝ። ትመጣለች፣ ያስቀምጧታል፣ ያጫውቷታል። ይህን እንኳ ያድርጉልኝ።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

በወሩ ሀና ዝውውር ጠይቃ ሀዋሳ ወደሚገኝ ቅርንጫፍ ሄደች። ለበዓል ስትመጣ በመንገድ ብታገኘኝ እናቷ ካለች ጎንበስ ብላ ትስመኛለች፤ እናቷ ከሌለች ወደ ማዶ ትሻገራለች። አልፈርድባትም። ቂም የምትይዝ ከሆነ ከእኔ ይበልጥ የሚገባው ሰው የለም።

አሁን ምን እንደሚሰማኝ ከጠየቃችሁኝ፣ ሐሰት አልናገርም። ስለ አሥራ አንዱ ዶሮ ዛሬም ያንገበግበኛል። ያ ማመልከቻ ዛሬም ያናድደኛል፤ ጥሩወርቅ ይቅርታ ብትጠይቅም ያናድደኛል። በቀሌ ግን ዒላማውን ስቶ አንዲት ንጹሕ ልጅ ላይ አርፏል፤ እኔ ደግሞ ላስለቅሳት የማልኩባትን ሴት በየቀኑ አባብላለሁ። ሰው ለራሱ እንዲህ ያለ ቅጣት አስቦ መፍረድ አይችልም።

ጥሩወርቅ ከሰዓት በኋላ ሁሌ ትመጣለች። ጥላው ሥር ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ስለ ዕድር፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ሙቀቱ እናወራለን። ልትሄድ ስትል የሀና ነገር ይነሳባትና ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች። «ያንን የልጄን ዕድል የዘጋ ምላስ ከሥሩ ንቀልልኝ፣ አምላኬ!» ትላለች። እርግማን ያለ አሜን አይደርስም ብላ ስለምታምን፣ እጇን ሳታወርድ ወደ እኔ ዞራ ትጠብቀኛለች።

«አሜን» እላለሁ።